ሮኒ ጄምስ ዲዮ

ሮኒ ጄምስ ዲዮ (የትውልድ ስሙ ሮናልድ ጄምስ ፓዳቮና፤ ከሐምሌ 3 ቀን 1934 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 8 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 10 ቀን 1942 እስከ ሜይ 16 ቀን 2010) አሜሪካዊ የሄቪ ሜታል ድምፃዊና የግጥም ደራሲ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ኤልፍ፣ ሬይንቦው፣ ብላክ ሳባዝ፣ ዲዮ እና ሄቨን ኤንድ ሄል በተባሉ ባንዶች ውስጥ ባቀረባቸው ሥራዎች ነው። ከነዚህ መካከል የራሱ ንብረት የነበረው በስሙ የተጠራው ዲዮ ብቻ ነው። በሬይንቦውና በብላክ ሳባዝ ውስጥ ስሙ የጊታሪስቱ ነበር፤ ድምፃዊው ሲገባም ሲወጣም ባንዱ በዚያው ስም ይቀጥላል። የዲዮ የሙዚቃ ሕይወት በሄቪ ሜታል ዓለም አንድ ሙዚቀኛ ከባንድ ወደ ባንድ ሲዘዋወር ምን ይዞ እንደሚሄድና ምን ትቶ እንደሚወጣ በደንብ ያሳያል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር፣ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታት

ዲዮ የተወለደው በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ፖርትስመዝ ከተማ ነው። አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና አገልግሎት እዚያ ተመድበው ስለነበር እንጂ ቤተሰቡ የኮርትላንድ፣ ኒው ዮርክ ነዋሪ ነበር። ያደገውም በኮርትላንድ ነው። ወላጆቹ የጣሊያን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ነበሩ። በአምስት ዓመቱ ትራምፔት መጫወት ጀመረ። ድምፃዊነትን በትምህርት ቤት አልተማረም፤ ረጅም ዜማ ሳይቆራረጥ የመዝፈን ችሎታውን ያገኘው ትራምፔት ሲነፋ ከለመደው አተነፋፈስ መሆኑን ራሱ ይናገር ነበር።

የመጀመሪያ ባንዱን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው በ1957 ሲሆን መጀመሪያ የሚጫወተው ቤዝ ጊታር ነበር። ባንዱ ስሙን ደጋግሞ ከቀየረ በኋላ በ1961 ሮኒ ዲዮ ኤንድ ዘ ፕሮፌትስ ተባለ። «ዲዮ» በጣሊያንኛ «አምላክ» ማለት ቢሆንም ሮኒ ስሙን የወሰደው ጆኒ ዲዮ ከሚባል የታወቀ የማፊያ ሰው ነው። ይህ ባንድ የሚጫወተው በዘመኑ ተወዳጅ የነበረውን ለስላሳ ሮክ ኤንድ ሮል ነበር፤ ዲዮን በኋለኛው ሥራው ብቻ የሚያውቅ አድማጭ የዚያን ጊዜ ሸክላዎቹን ቢሰማ የሌላ ሰው ሊመስሉት ይችላሉ።

በ1967 ባንዱ ኤሌክትሪክ ኤልቭስ በሚል ስም እንደገና ተደራጀ። በ1968 መጀመሪያ ላይ ሙዚቀኞቹ በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ጊታሪስቱ ኒክ ፓንታስ ሞተ፤ ዲዮና ሌሎቹም ተጎዱ። የተረፉት ተሰባስበው ቀጠሉ፤ ስሙም እያጠረ ሄዶ ኤልፍ ሆነ። በ1972 የወጣውን የኤልፍ የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲውስ ያደረጉት የእንግሊዙ ዝነኛ ባንድ የዲፕ ፐርፕል አባላት ሮጀር ግሎቨር እና ኢያን ፔይስ ናቸው። ኤልፍም የዲፕ ፐርፕልን ኮንሰርቶች መድረክ እያሟሟቀ አብሮ ተጓዘ። ዲዮ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር። ብዙ የሮክ ዘፋኞች ስማቸው በሚገንበት ዕድሜ እሱ ገና የሌሎች ኮንሰርት ከፋች ነበር።

ሬይንቦው

የዲፕ ፐርፕል ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር በባንዱ አቅጣጫ ደስተኛ አልነበረም። አንድ ሊቀርጸው የፈለገውን ዘፈን ባልደረቦቹ ስላልተቀበሉት፣ በየመድረኩ ሲያየው የቆየውን የኤልፍን ድምፃዊ ይዞ ስቱዲዮ ገባ። ውጤቱ ስላስደሰተው በ1975 ዲፕ ፐርፕልን ትቶ የራሱን ባንድ መሠረተ። የመጀመሪያው አልበም ርዕስም ባለቤትነቱን በግልጽ የሚናገር ነው፤ «ሪቺ ብላክሞርስ ሬይንቦው» ማለትም «የሪቺ ብላክሞር ቀስተ ደመና» ይላል።

ብላክሞር በዚህ አልበም ላይ ያጫወታቸው የኤልፍን ሙዚቀኞች ነው፤ ከጊታሪስቱ በስተቀር ባንዱን እንዳለ ወሰደው ማለት ይቻላል። ኤልፍም በዚያው ፈረሰ። አልበሙ ከወጣ ጥቂት ቆይቶ ግን ከዲዮ በስተቀር ከቀድሞዎቹ የኤልፍ አባላት አንዳቸውም በሬይንቦው ውስጥ አልቀሩም። አልበሙን የቀረጸው ስብስብ አንድም ቀን መድረክ ላይ ሳይወጣ ተበተነ። ዲዮ ለዓመታት አብረውት የለፉትን ጓደኞቹን ትቶ ቀጠለ።

በምትካቸው ድራመሩ ኮዚ ፓወል፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጂሚ ቤይን እና የኪቦርድ ተጫዋቹ ቶኒ ኬሪ ገቡ። እነዚህ አምስቱ በጀርመን ሙኒክ የቀረጹት «ራይዚንግ» (1976) ስድስት ዘፈኖች ብቻ ቢኖሩትም ብዙ የሙዚቃ ተቺዎች ከሄቪ ሜታል ዓበይት አልበሞች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። «ስታርጌዘር» የተባለው ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ዘፈን የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የተሳተፈበት ሲሆን፣ ግጥሙ ለአንድ ጠንቋይ ግንብ እየሠሩ የሚያልቁ ባሪያዎችን ታሪክ ይተርካል። ጠንቋይ፣ ንጉሥ፣ ቤተ መንግሥት፣ ብርሃንና ጨለማ የዲዮ ግጥሞች ቋሚ መለያ ሆነው የቀሩት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። ከባንድ ወደ ባንድ ሲሄድም ሁልጊዜ ይዞት የሚጓዘው ንብረት ይኸው ነበር፤ ባንዱ ቢለወጥም ግጥሙ የእሱ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ይህ ስብስብም ቢሆን አንድ የስቱዲዮ አልበም ብቻ ነው የሠራው። ቤይንና ኬሪ ወጥተው ለ«ሎንግ ሊቭ ሮክ ኤንድ ሮል» (1978) ቤዝ ተጫዋቹ ቦብ ዴይስሊ እና የኪቦርድ ተጫዋቹ ዴቪድ ስቶን ተተኩ። ብላክሞር በአሜሪካ ሬዲዮ የሚደመጡ አጫጭር ዘፈኖች ፈለገ፤ ዲዮ የለመደውን የተረት ግጥም መተው አልፈለገም። በ1979 መጀመሪያ ላይ ዲዮ ከሬይንቦው ተለየ። በእሱ ቦታ የገባው ግራሃም ቦኔት በዚያው ዓመት ከባንዱ ጋር «ሲንስ ዩ ቢን ጎን» የተባለውን ተወዳጅ ዘፈን አወጣ፤ ብላክሞር የፈለገውን አገኘ ማለት ነው።

ብላክ ሳባዝ

በ1968 በእንግሊዟ በርሚንግሃም የተመሠረተው ብላክ ሳባዝ በብዙዎች ዘንድ የሄቪ ሜታል አባት ተደርጎ ይወሰዳል። በ1979 ድምፃዊውን ኦዚ ኦስቦርንን አሰናበተ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ከዲዮ ጋር የተገናኘው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ያስተዋወቀቻቸው የባንዱ ማኔጀር ልጅ ሻረን አርደን ነበረች። እሷው በኋላ የኦስቦርን ማኔጀርና ሚስት ሆናለች።

አዲሱ ድምፃዊ የቀድሞውን ለመምሰል አልሞከረም። ኦስቦርን አብዛኛውን ጊዜ የጊታሩን ዜማ ተከትሎ ነበር የሚዘፍነው፤ ግጥሙን የሚጽፍለትም ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ነበር። ዲዮ ግን ግጥሙን ራሱ ይጽፋል፤ ዜማውንም ከጊታሩ ለይቶ ያወጣል። በዚህ ምክንያት አዮሚ ጊታሩን የሚጽፍበት መንገድ ራሱ ተለወጠ። በ1980 የወጣው «ሄቨን ኤንድ ሄል» («ገነትና ሲኦል») በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ የፕላቲነም ማዕረግ አገኘ፤ ሊያከትምለት ተቃርቦ የነበረውን ባንድም አነሣው። በትለር በግል ጉዳይ በቀረበት ጊዜ ለመለማመጃ ቤዝ እንዲጫወት የተጠራው ደግሞ የቀድሞው የኤልፍ አባል ክሬግ ግሩበር ነበር።

በዚያው ዓመት በኮንሰርት ጉዞ መካከል ድራመሩ ቢል ዋርድ ባንዱን ትቶ ሄደና አሜሪካዊው ቪኒ አፒሲ ተተካ። ከ«ሞብ ሩልስ» (1981) በኋላ ባንዱ «ላይቭ ኢቭል» የተባለውን የቀጥታ አልበም ሲያዘጋጅ ጠብ ተነሣ። አዮሚና በትለር፣ ዲዮና አፒሲ ተደብቀው ስቱዲዮ እየገቡ የድምፁንና የድራሙን መጠን ከፍ ያደርጋሉ ብለው ከሰሱ። ዲዮ ክሱን አልተቀበለም። በዚያ ጊዜ በነበረው ቴክኖሎጂ የእያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ በቴፕ ላይ ለየብቻው ይቀዳና ሚክሲንግ በተባለው ሥራ መጠኑ ይመጣጠናል። ስለዚህ ጠቡ በገመድና በማዞሪያ ላይ የተነሣ ቢመስልም ጥያቄው «በዚህ ባንድ ውስጥ ከሁሉ በላይ መሰማት ያለበት ማን ነው?» የሚል ነበር። በ1982 መጨረሻ ዲዮና አፒሲ አብረው ወጡ። በዲዮ ቦታ የገባው ኢያን ጊላን የዲፕ ፐርፕል ድምፃዊ የነበረ ሰው ነው፤ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ዓለም ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኦስቦርንም በበኩሉ በ1980 «ብሊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ለተባለው የመጀመሪያ የብቻ አልበሙ የወሰደው ቤዝ ተጫዋች ከሬይንቦው የወጣውን ቦብ ዴይስሊን ነው። ዴይስሊና ድራመሩ ሊ ከርስሌክ ሁለተኛውን አልበም «ዳይሪ ኦቭ ኤ ማድማን» ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ ተሰናበቱ፤ አልበሙ በ1981 ሲወጣም ሽፋኑ ላይ ስማቸው አልተጻፈም። በክፍያ ጉዳይ ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ አልበሞቹ በ2002 እንደገና ሲታተሙ፣ የሁለቱ ቤዝና ድራም ተነሥቶ ሌሎች ሙዚቀኞች በአዲስ ተጫውተው ተተኩበት። አድማጮች አጥብቀው ስለተቃወሙ በ2011 በወጣው እትም የመጀመሪያው ቅጂ ተመለሰ።

ዲዮ (ባንድ)

ዲዮ አርባ ዓመት ሲሞላው የራሱን ባንድ በራሱ ስም አቋቋመ። አፒሲን ከብላክ ሳባዝ፣ ጂሚ ቤይንን ከቀድሞው ሬይንቦው አመጣ፤ ጊታሪስት አድርጎ ደግሞ ከሰሜን አየርላንድ ብዙም የማይታወቀውን ወጣት ቪቪያን ካምቤልን ቀጠረ። የባንዱ ማኔጀር ሚስቱ ዌንዲ ዲዮ ነበረች። የመጀመሪያ አልበማቸው «ሆሊ ዳይቨር» (1983) እና ተከታዩ «ዘ ላስት ኢን ላይን» (1984) በአሜሪካ እያንዳንዳቸው የፕላቲነም ማዕረግ አግኝተዋል።

ነገር ግን አሁን አሰሪው ዲዮ ራሱ ነበር። ካምቤል በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው፣ ሲቀጠሩ ደመወዛቸው አነስተኛ እንደሚሆንና በሦስተኛው አልበም ግን ከገቢው ድርሻ እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ነበር፤ «ሴክሬድ ኸርት» (1985) ከወጣ በኋላ ጥያቄውን ሲያነሣ ግን ከሥራው ተሰናበተ። የዲዮ ወገን ስለ መለያየቱ የሰጠው ማብራሪያ ከዚህ የተለየ ነው። ያም ሆነ ይህ ሁለቱ ሳይታረቁ ቀሩ። በሬይንቦው ጓደኞቹ ሲሰናበቱ ያየው ሰው በራሱ ባንድ ውስጥ ከብላክሞር ብዙም የተለየ አሠራር አልተከተለም ብሎ መናገር ይቻላል። ካምቤል በኋላ በ1992 የእንግሊዙን ዴፍ ለፓርድ ተቀላቅሎ እስካሁን በዚያ ይታወቃል።

በካምቤል ቦታ ክሬግ ጎልዲ ገብቶ «ድሪም ኢቭል» (1987) ተቀረጸ። ለ«ሎክ አፕ ዘ ዉልቭስ» (1990) ደግሞ ከመሥራቾቹ ከዲዮ በቀር አንድም ሰው አልቀረም፤ ጊታሩን የያዘው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው እንግሊዛዊ ሮዋን ሮበርትሰን፣ ድራሙን ደግሞ ከኤሲ/ዲሲ የመጣው ሳይመን ራይት ነበር።

ለረሃብ ተጎጂዎች የተቀረጸው «ስታርስ»

በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በተለይም በወሎና በትግራይ፣ የደረሰው ረሃብ በቢቢሲ የኮረም ዘገባ አማካይነት ለዓለም ከታየ በኋላ የእንግሊዝ ዘፋኞች ባንድ ኤይድ፣ የአሜሪካ ዘፋኞች ደግሞ ዩኤስኤ ፎር አፍሪካ በሚል ስም የርዳታ ዘፈኖችን አወጡ። በሁለቱም ውስጥ የሄቪ ሜታል ሙዚቀኞች አልነበሩም ማለት ይቻላል። ይህን ያስተዋሉት ቤይንና ካምቤል ሐሳቡን ለዲዮ አቀረቡ፤ ሦስቱም «ስታርስ» የተባለውን ዘፈን ጻፉ። ሂር ኤን ኤይድ በተባለው በዚህ ስብስብ ወደ 40 የሚሆኑ ሙዚቀኞች በግንቦት ወር 1985 ሆሊዉድ ውስጥ ተሰባስበው ቀረጹት። ከድምፃውያኑ መካከል የጁዳስ ፕሪስቱ ሮብ ሃልፎርድና የኩዊንስራይኩ ጄፍ ቴት፣ ከጊታሪስቶቹ መካከል ስዊድናዊው ኢንግቬ ማልምስቲንና የአይረን ሜይደኖቹ ዴቭ መሪና ኤድሪያን ስሚዝ ይገኙበታል።

እያንዳንዱ ሙዚቀኛ በተለያየ ኩባንያ ውል የታሰረ ስለነበር አልበሙ ለገበያ የቀረበው በ1986 ነው። ገቢው ለአፍሪካ የረሃብ ተጎጂዎች ውሏል። ይህ ሥራ እንደ ሁለቱ ታዋቂ ዘፈኖች በኢትዮጵያ ብዙ አይነሣም።

ወደ ብላክ ሳባዝ መመለስና ሁለተኛው መለያየት

ብላክ ሳባዝ በ1980ዎቹ ድምፃዊ ደጋግሞ ለወጠ። ከ1987 ጀምሮ የዘፈነለት ቶኒ ማርቲን ነበር። በ1991 አዮሚና በትለር ዲዮን መልሰው ሲጠሩ ማርቲን ቦታውን ለቀቀ። ድራመር ሊሆን የነበረው የሬይንቦው ባልደረባው ኮዚ ፓወል ነበር፤ ይሁንና ፓወል ፈረስ ሲጋልብ ፈረሱ ወድቆበት ዳሌው ስለተሰበረ አፒሲ ተተካ። አራቱ «ዲሂዩማናይዘር» (1992) የተባለውን አልበም አወጡ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኦስቦርን በካሊፎርኒያ ኮስታ ሜሳ የስንብት ኮንሰርት ነው ያለውን ሲያዘጋጅ ብላክ ሳባዝ ከእሱ በፊት እንዲጫወት ተጋበዘ። ዲዮ እምቢ አለ። ለእሱ ጉዳዩ የክብር ነበር፤ የባንዱ የወቅቱ ድምፃዊ እያለ ለቀድሞው ድምፃዊ መድረክ ሊያሟሙቅ አልፈለገም። በሁለቱ ምሽቶች በእሱ ቦታ ሮብ ሃልፎርድ ዘፈነ፤ በሁለተኛው ምሽት መጨረሻ ላይም ኦስቦርንና ሦስቱ የመጀመሪያ አባላት አብረው መድረክ ላይ ወጡ። ዲዮና አፒሲ እንደገና ሄዱ፤ ማርቲንም እንደገና ተጠራ። የማርቲን ዕጣ ከዲዮ ይልቅ የሚያሳዝን ነው፤ በአምስት የብላክ ሳባዝ አልበሞች ላይ ዘፍኖ እንኳ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

ዲዮ ባንዱን በአዳዲስ ሙዚቀኞች እያደሰ እስከ «ማስተር ኦቭ ዘ ሙን» (2004) ድረስ አልበም ማውጣቱን ቀጠለ።

ሄቨን ኤንድ ሄል

በ2006 ብላክ ሳባዝ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ የተመዘገቡት አራቱ የመጀመሪያ አባላት ብቻ ነበሩ፤ ዲዮ አልተካተተም። በዚያው ዓመት ግን አዮሚ፣ በትለር፣ አፒሲና ዲዮ እንደገና ተሰባሰቡ። ሙዚቀኞቹ «ሞብ ሩልስ»ን የቀረጹት እነዚያው ቢሆኑም ራሳቸውን ብላክ ሳባዝ ብለው አልጠሩም። ስሙ ኦስቦርን ላለበት ስብስብ እንዲቆይ በመፈለጉ ባንዱ ከመጀመሪያው የጋራ አልበማቸው ርዕስ ተነሥቶ ሄቨን ኤንድ ሄል ተባለ። በ2009 «ዘ ዴቭል ዩ ኖው» የተባለ አልበም አወጡ።

ስሙ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በዚያው ዓመት በግልጽ ታየ። ኦስቦርን የብላክ ሳባዝ የንግድ ስም ግማሽ ድርሻ ይገባኛል በማለት አዮሚን ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ጉዳዩ በ2010 በስምምነት ተዘጋ።

ዲዮ በ2009 መገባደጃ ላይ የጨጓራ ካንሰር እንዳለበት ታወቀ፤ በግንቦት 2010 በሂውስተን፣ ቴክሳስ በ67 ዓመቱ አረፈ። ዌንዲ ዲዮ በስሙ የካንሰር ምርምርን የሚረዳ ተቋም መሥርታለች። በኮርትላንድም ከመሞቱ ብዙ ዓመታት በፊት ዲዮ ዌይ ተብሎ የተሰየመ መንገድ አለ።

የእጅ ምልክቱ

ሌባ ጣትንና ትንሿን ጣት ቀጥ አድርጎ ሌሎቹን ማጠፍ ዛሬ በየትኛውም የሜታል ኮንሰርት የሚታይ ሰላምታ ነው። ዲዮ ይህን ያዘወተረው ብላክ ሳባዝ ከገባ በኋላ ነው፤ ኦስቦርን በሁለት ጣቶች የሰላም ምልክት ያሳይ ስለነበር እሱን ላለመድገም የራሱን ፈለገ። ምልክቱን የተማረው ከጣሊያናዊት አያቱ ሲሆን ለእሳቸው ክፉ ዓይንን መመለሻ ነበር። ብዙ ሰዎች የሰይጣን አምልኮ ምልክት አድርገው ቢተረጉሙትም አነሣሡ ተቃራኒው ነው፤ ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ሲባል የሚደረግ ነገር ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም እንግዳ አይደለም። ዲዮ ራሱ ምልክቱን ፈጠርኩ ብሎ አያውቅም፤ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ያስለመደው ግን እሱ ነው።

ከሞቱ በኋላ

በ2014 ልዩ ልዩ ባንዶች የዲዮን ዘፈኖች የተጫወቱበት «ዚስ ኢዝ ዩር ላይፍ» የተባለ የመታሰቢያ አልበም ወጣ። በዚህ አልበም ላይ ቴኔሺየስ ዲ የተባለው ባንድ የተጫወተው «ዘ ላስት ኢን ላይን» በ2015 የሜታል ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። በ2016 ደግሞ በጀርመኑ ቫከን ፌስቲቫል ላይ ምስሉ በሆሎግራም መድረክ ላይ ቀርቦ ከተቀዳ ድምፁ ጋር በሕይወት ያሉ ሙዚቀኞች አጅበውታል። አንዳንድ አድናቂዎች ወደዱት፤ ሌሎች ደግሞ ሙት ማስነሣት ነው ብለው ተቃወሙ።

ካምቤል፣ አፒሲና ቤይን በ2012 እንደገና ተገናኝተው የድሮ ዘፈኖቻቸውን መጫወት ጀመሩ። በዲዮ ስም መጠቀም ስለማይችሉ ባንዱን ላስት ኢን ላይን አሉት፤ ድምፃዊ ያደረጉትም አንድሩ ፍሪማንን ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው «ሄቪ ክራውን» በ2016 ሊወጣ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ቤይን ሞተ። ቤዙን የተረከበው ከሠላሳ ዓመት በፊት በኦዚ ኦስቦርን ባንድ ውስጥ ይጫወት የነበረው ፊል ሱሳን ነው።